ባዶ ነው የተባለው ሽጉጥ

ወርቅ ሠሪው ሽጉጥ ለመግዛት ያሰበው የጎረቤቱን ደም ከሱቁ ደጃፍ ላይ በውሃ ካጠበ በኋላ ነው። ጎረቤቱም እንደ እሱ ወርቅ ሠሪ ነው። አመሻሽ ላይ ሱቁን ቆልፎ፣ የሠራውን በትንሽ ቦርሳ ይዞ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ግንባሩን በብረት ብለውት ቦርሳውን ነጥቀው ሄዱ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ግን ከዚያ ወዲህ ከኋላው ኮቴ በሰማ ቁጥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰውን የሚያሳልፍ ሆነ።

የእኛ ሰው ይህን አይቶ እንቅልፍ አጣ። ዕድሜውን ሙሉ አጎንብሶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የቀለበት ጫፍና ጫፍ በእሳት ሲያገናኝ የኖረ ረጋ ያለ ሰው ነው። እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ያሳደገችው አክስቱ፣ “ይኼ ልጅ ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል” እያለች ትስቅበት ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የመሣሪያ ፈቃድ አውጥቶ “የትኛውን ሽጉጥ ልያዝ?” እያለ መዞር የጀመረው።

ማን ይመልስለታል አትበሉ። ሽጉጥ ያለው ሰው ስለ ሽጉጥ ሲጠየቅ ስለ በኩር ልጁ እንደተጠየቀ ነው፤ ተናግሮ አይጠግብም።

መጀመሪያ የሄደው ሰፈሩ “ከባዱ” ብሎ ወደሚጠራው የጭነት መኪና ባለቤት ነው። ሰውነቱም ከባድ፣ መኪናውም ከባድ፣ ሽጉጡም ከባድ ነው።

“ሽጉጥ ማለት ወንድሜ፣ ገና ሲታይ ነው ግማሹን ሥራ የሚጨርሰው” አለው ከባዱ፣ መኪናው ላይ ተደግፎ። “አፈሙዙ ሰፊ፣ ጥይቱ ብዙ የሆነ ግዛ። ደግሞ ሁልጊዜ የጎረሰ ይሁን። ሌባውን ‘ቆይማ ላቀባብል’ ብትለው ይጠብቅሃል? ያልጎረሰ ሽጉጥ ድንጋይ ነው። እንዲያውም ድንጋይ ይሻላል፤ ይወረወራል።”

ሁለተኛው አማካሪ አማቹ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ኢንሹራንስ ሻጭ ነው፤ ከሱፍ ልብሱ ሥር መሣሪያ አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም።

“ከባዱን ሰምተህ ጉድ እንዳትሆን” አለው። “እሱ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። አንተ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰህ የምትሠራ ሰው፣ ያንን የሚያህል ብረት ወገብህ ላይ ብታስር በሳምንቱ ሰልችቶህ ቤት ትተወዋለህ። ቤት የተተወ ሽጉጥ ቤት እንደተረሳ ጃንጥላ ነው፤ ዝናቡ ያለው ውጭ! ቀጭን፣ ለጥ ያለች፣ ከሸሚዝ ሥር የማትታይ ነው የምትገዛው። የማያዩትን አይቀሙህም።”

ሦስተኛው አማካሪ ከጎኑ የሚኖሩት ጡረተኛ ፖሊስ ናቸው። ማዕረጋቸው ስማቸውን ውጦት ሁሉም “ሃምሳ አለቃ” ይላቸዋል። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ሁለቱንም ምክር በትዕግሥት አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ትልቅም ግዛ ትንሽም ግዛ፣ መቆለፊያ የሌለውን እንዳትነካ” አሉ። “በአውራ ጣትህ ገፋ ስታደርጋት ቃታውን ቀጥ የምታደርግ ነገር አለች አይደል? እሷን ነው የምልህ። የአሁኖቹ ሽጉጦች ብዙዎቹ ያቺ የላቸውም። ‘መቆለፊያው የራስህ ጣት ነው’ ይላሉ። የኔን ጣት እኔ አውቀዋለሁ፤ ሲደነግጥ ማንንም አይሰማም።”

ወርቅ ሠሪው ማንንም ማስቀየም አይችልበትም። ሃሳባቸውን እንደ ወርቅና መዳብ አንድ ላይ አቀለጠው። እንደ አማቹ ምክር ቀጭኗን ገዛ፤ እንደ ሃምሳ አለቃ ምክር መቆለፊያ ያላትን መረጠ፤ እንደ ከባዱ ምክር ደግሞ አጉርሶ ወገቡ ላይ ሻጣት። ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ፣ “አንተ ሽጉጥ አይደለም የገዛኸው፣ ሦስት ሰው አስታረቅክ እንጂ” አለችው። ተሳሳቁ። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

እንዴት እንደሚተኮስ ሻጩ በአንድ እግሩ ቆሞ አሳየው፤ ለመለማመድ ደግሞ “ሥራው ጋብ ሲልልኝ” ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አክስቱና ባሏ እሁድ እሁድ ምሳ የሚበሉት እሱ ቤት ነው። አክስቱ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ አሁንም በመነጽር የሰው እጅጌ የምታሳጥር ሴት ናት። ባሏ የድሮ ሾፌር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰውን ሁሉ የሚያስቅ። ያን እሁድ ከምሳ በኋላ ሻይ እየተጠጣ ሳለ አማቹ መጣ፤ ከባዱ የሽጉጡን መገዛት ሰምቶ “እንኳን ደስ ያለህ” ለማለት ደረሰ፤ ሃምሳ አለቃም የጨዋታውን ድምፅ ከበረንዳቸው ሰምተው ገቡ። ቤቱ ሞላ።

“እስቲ ሙሽራይቱን አሳየን!” አለ ከባዱ ገና ሳይቀመጥ።

ወርቅ ሠሪው እንደ ማፈር ብሎ ሽጉጡን ከወገቡ መዘዘ። ጥይቶቹን የያዘውን ካርታ ከመያዣው ሥር አውጥቶ ኪሱ ከተተ። “ባዶ ናት” ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። ከባዱ አነሣት፤ መዳፉ ውስጥ ጠፋች። “ይቺ ለሴት ልጅ ቦርሳ ናት!” ብሎ አፈሙዟን ወደ ሆዱ አዙሮ ላይዋን በአንድ ዓይኑ ቃኘ። ሃምሳ አለቃ ተቀበሉት፣ መቆለፊያዋን በኩራት ዳሰሱ፣ “ይኼውላችሁ፣ ይቺ ናት ነፍስ” ብለው ለአማቹ አሳለፉ። አማቹ ተነሥቶ ቆመ። እግሩን ከፈት አድርጎ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰዓት ላይ አነጣጠረ። ግድግዳው ስስ ጣውላ ነው። ከወዲያ በኩል የወርቅ ሠሪው ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ብዜት ጮክ ብላ ታጠናለች።

“እዩት እንግዲህ አያያዙን” አለ አማቹ። “እጅ ላይ ጥፍት ነው የምትለው። ቃታዋ ደግሞ ቅቤ ናት አሉ።” ጣቱን አስገብቶ ሳበ። ቃታው አልተነቃነቀም። “አሃ፣ የሃምሳ አለቃ መቆለፊያ! ላንሣትና ልስላሴዋን ላሳያችሁ።” አውራ ጣቱን ወደ መቆለፊያዋ ሰደደ።

“ስጠኝ እስቲ” አለች አክስቱ።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ግን እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ወርቅ ሠሪው ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷት አያውቅም። አማቹም ሳያስበው እጁን ዝቅ አድርጎ ሰጣት፤ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ እንዳለ ነበር።

አክስቱ ሽጉጡን ተቀበለች። አፈሙዙን ማንም ወደሌለበት ጥግ፣ ወደ ወለሉ አዞረች። ጣቷን ከቃታው አርቃ ዘረጋች። በአውራ ጣቷ መቆለፊያዋን ገፋች፤ የላዩን ብረት በግራ እጇ ጨብጣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሳበችው።

ቀጭ አለ። አንድ ቢጫ ነገር ብልጭ ብሎ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ በሻይ ብርጭቆዎቹ መሃል ተንከባለለና ከስኳር ዕቃው ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

ጥይት ነው።

ወርቅ ሠሪው ክው አለ። ቢጫ ነገር ሲያይ ገና ከሩቁ ወርቅ ነው ነሐስ ነው ብሎ የሚለይ ዓይን ያለው ሰው፣ አሁን ከፊቱ ያለውን ማመን አቃተው። ካርታውን አውጥቻለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄን ከትቼ ጨብጬዋለሁ። ታዲያ ይኼ ከየት መጣ? ከዚያ ትዝ አለው። የጎረሰው እዚያው እንደጎረሰ ነው። ካርታው ሲወጣ አፏ ውስጥ የገባው አብሮ አይወጣም። ይህን ሳያውቅ ሳምንት ሙሉ ወገቡ ላይ አስሯት ዋለ፤ ልጁን አቀፈ፤ ማታ ማታ “ባዶ ናት” እያለ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጣት።

 ከግድግዳው ወዲያ ልጅቷ “ሰባት ጊዜ ስምንት… ሰባት ጊዜ ስምንት…” ትላለች፤ ጠፍቶባታል።

ሚስቱ ሁለተኛውን ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን አልጣለችም። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ማንንም ሳታይ አልፋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች፤ ልጅቷን ከነደብተሯ ታቅፋ በጓሮ በር ወጣች። “እማዬ፣ አልጨረስኩም እኮ!” ሲል የልጅቷ ድምፅ ራቀ።

አማቹ ያነጣጠረበትን ግድግዳ አየ፤ ጣቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ደጅ ሮጠ። ከባዱ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጠ።  “ወደ ሆዴ አዙሬ ነው እኮ ያየኋት” አለ ለራሱ። “ወደ ሆዴ!”

“እኔም ይዣት ነበር” አሉ ሃምሳ አለቃ።  “ያን ሁሉ ዘመን ለጀማሪ ሳስተምር የኖርኩት ይህንኑ ነው። አልከፈትኳትም፤ አላየሁም። ባዶ ናት አለኝ፣ አመንኩ።”

አክስቱ ሽጉጡን ከፍታ ውስጡን በዓይኗ አየች፤ ትንሿን ጣቷን አስገብታ ዳሰሰች፤ ከዚያ ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። “ካርታውን ስታወጣ አየሁህ” አለችው። “የላዩን ብረት ስትስብ ግን አላየሁህም። ሌላ ሰው ያደርገዋል ብዬ ጠበቅሁ። መጠበቄ ነው ጥፋቱ።”

 ከወርቅ ሠሪው አፍ መጀመሪያ የወጣው ጥያቄ ራሱን አስገረመው።

“አክስቴ፣ አንቺ ይህን የት ነው የተማርሽው?”

አክስቱ የሻይ ብርጭቆዋን አነሣች። ባሏ ግን ከወንበሩ ላይ ተመቻቸና ጉሮሮውን ጠረገ። “ንገሪው እንጂ” አለ። “ወይስ እኔ ልንገረው?”

“አንተ ከተናገርክማ ሦስቱ ሌቦች ሠላሳ ይሆናሉ” አለች፤ ራሷም ጀመረች።

መርፌና ክር ከመያዟ በፊት ሳሙና ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ወርቅ ሠሪው ይህን ያውቃል፤ “ቢሮ ነበርኩ፤ ሰልችቶኝ ተውኩት” ብላው ነበር። ቢሮ ያለችው የደመወዝ ከፋይነት ነው። በየወሩ መጨረሻ ከባንክ የሠራተኛውን ደመወዝ በሸራ ቦርሳ ይዛ፣ በፋብሪካው መኪና፣ ከከተማ ወጣ ወዳለው ፋብሪካ ትሄዳለች። ሥራ አስኪያጁ ዘበኛ ከመቅጠር ይቀላል ብሎ ለእሷው ሽጉጥ ሰጣት፤ አንድ የጦር ሰው ቀጥሮ አስተማራት።

“ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ነው” አለች። “የዘበኞቹ አለቃ ትልቁን ትያዝ ይላል፤ ሒሳብ ሹሙ የለም ለሴት ትንሹ ነው ይላል። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያስተማረኝ ሰውዬ ብቻ፣ ‘መጀመሪያ ባዶ መሆኑን እይ፤ ካየሽ በኋላ ደግሞ እንደገና እይ፤ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው’ አለኝ።”

አንድ ጠዋት ድልድዩ አጠገብ ካለው ኩርባ ላይ ግንድ ተጋድሞ አገኙ። መኪናው ቆመ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ሦስት ሰዎች ወጡ። አንደኛው በሾፌሩ መስኮት እጁን አስገብቶ መሣሪያውን ጆሮ ግንዱ ላይ ደገነበት። ቦርሳው ጭኗ ላይ፣ እጇ ቦርሳው ውስጥ፣ ጣቶቿ ሽጉጡ ላይ ነበሩ።

“የጎረሰ ነበር?” አለ ከባዱ ቀስ ብሎ።

“የጎረሰ ነበር። ሰውየው እኔን አያይም፤ እሱን ነው የሚያየው። ቅርቤ ነው፤ አልስተውም ነበር።” መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። “በእኔና በሰውየው መሃል ግን የሾፌሩ ጭንቅላት ነበረ። ላቡ ከጆሮው ሥር ሲወርድ ይታየኛል። እጄን ባዶውን አወጣሁና ቦርሳውን ከነሽጉጡ ሰጠኋቸው።”

ፋብሪካው በሳምንቱ አሰናበታት። ‘ሽጉጥ ታጥቃ ያስረከበች’ ብለው ስም አወጡላት። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ብለው ተረቱባት። የባሰባቸው ደግሞ ከሌቦቹ ጋር ተመሳጥራለች አሉ። ፖሊስ ነጻ ናት ቢልም ወሬው አልለቀቃትም። ሾፌሩ ቀርቦ፣ “በእኔ ነፍስ ነው የሰጠችው፤ እሷ ጥፋተኛ ከሆነች እኔ የጥፋቱ ምክንያት ነኝ” ብሎ ተሟገተላት። እሱንም አሰናበቱት።

ወርቅ ሠሪው ዞሮ የአክስቱን ባል አየ። ሽማግሌው ጆሮ ግንዱን በጣቱ መታ መታ አደረገና ፈገግ አለ።

“ይኼ ነበር ጭንቅላቱ” አለ። “ብዙም የሚጠቅም አይደለም፤ ግን ለምጄዋለሁ። ሥራ ያጣን ዕለት ቤቷ ሄጄ ‘አመሰግናለሁ’ አልኳት። ‘በባዶ እጅ ነው?’ አለችኝ። በሚቀጥለው እሁድ አግቢኝ ብዬ ሽማግሌ ላክሁ።”

“ጋሼ! ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቤት ስንኖር!” አለ ወርቅ ሠሪው። “እኔን ያሳደጋችሁኝ… አንድም ቀን…”

“እሷ ‘አታንሣብኝ’ አለችኝ፤ አላነሣሁም። ሌላውን ሁሉ አውርቼልሃለሁ።”

ሃምሳ አለቃ ተነሥተው ቆሙ። “ልክ ነበሩ እትዬ” አሉ። “እኔ በሕግ ሰውነቴ እመሰክራለሁ፣ ልክ ነበሩ።”

“ልክ ነበርኩ አልወጣኝም” አለች አክስቱ። “እስከ ዛሬም አላውቀውም። ሰዎቹ አልተያዙም፤ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ገድለው እንደሆነስ? እኔ የማውቀው ይኼ ሰውዬ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣቱን ብቻ ነው።”

እንግዶቹ አንድ በአንድ ሳይሰናበቱ ወጡ። አማቹ ከደጅ ሳይመለስ ቀረ።

በማግስቱ ወርቅ ሠሪው ሱቁ ገብቶ እሳቱን ለኮሰ። የሰው የጆሮ ጌጥ አቅልጦ ድብልብል አደረገው። ጥይቱ ሲንከባለል ይሰማዋል፤ ከጥይቱ ይልቅ ደግሞ “ሰባት ጊዜ ስምንት” የሚለው ድምፅ። ቤት ሲመለስ የልጁ አልጋ ከዚያ ስስ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄዷል። ሚስቱ ብቻዋን ነው የጎተተችው፤ ወለሉ ላይ የእግሩ ጭረት ይታያል። ሽጥ አላለችውም፤ ያዝም አላለችውም። እሱም ስለ አልጋው አልጠየቃት።

ሃምሳ አለቃ መጥተው በሩን ያንኳኩት በዚያው ሳምንት ነው። “ከሀ እንጀምር” አሉት፤ “እኔም ጭምር።” ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የዒላማ መለማመጃ ሄዱ፤ ከባዱ በጭነት መኪናው ወሰዳቸው።  እዚያ ሲደርሱ ጥይት ሳይነኩ መክፈት፣ ማየት፣ መዳሰስ ብቻ ሲለማመዱ ዋሉ። የማን ሽጉጥ ይሻላል የሚል ወሬ ከቶ አልተነሣም። አማቹ የራሱን ለሻጩ መለሰ፤ እህቱን ቀና ብሎ ለማየት ግን ወራት ፈጀበት።

ወርቅ ሠሪውስ? መተኮስ ተማረ፤ ደህናም ይመታል አሉ። ግን ወገቡ ላይ አላሰራትም። ለሱቁ በሲሚንቶ የተቀበረ ካዝና አሠራ፤ ወርቁንም ሽጉጡንም እዚያ ቆልፎ አመሻሽ ላይ ባዶ እጁን ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጎረቤቱም ኮቴ ሲሰማ ዛሬ ዛሬ ግድግዳ አይፈልግም፤ የእሱን ክንድ ይይዛል።

አንድ ቀን የአክስቱ ባል ሱቁ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ ካየ በኋላ፣ “ቀለበት ሥራልኝ፤ ለእሷ” አለ። “ስንጋባ ሁለታችንም ሥራ ፈት ነበርን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ረሳነው።”

ወርቅ ሠሪው ድንጋጤው እንደ አዲስ ወረደበት። ያሳደገችው አክስቱ፤ በየእሁዱ የምትጎርስበት ጣት፤ የሰውን ሁሉ ጣት ሲለካ የሚውል እሱ። ጣቷ ባዶ መሆኑን አይቶት አያውቅም።

ልኩን ሊወስድ ቤቷ ሄደ። መለኪያ ክሩን ከኪሱ አወጣ። አክስቱ ክሩን ተቀብላ ራሷ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ቀለበቱ ሲደርስ አንድ እሁድ አድርጋው ዋለች፤ ሰኞ ግን ልብሱን እየያዘ አላሰፋ ስላላት አውልቃ ከአዝራሮቿ ጋር አስቀመጠችው።

“ይጠብሻል?” አላት።

“ኧረ የለም፣ ቆንጆ ነው” አለች፣ ክር እየሰካች። “እሁድ እሁድ አደርገዋለሁ።”